ከሐበሻ የሄደችው ሕፃን
ለልጆቻችን መጽሐፍ ስንመርጥ ከታሪካችን ምን እንማራለን?



የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱ በኋላ በዚህች አገር አፈር ላይ የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። ከእነዚህ አንዷ የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ አማህ ስትሆን በታሪክ ይበልጥ የምትታወቀው ኡሙ ኻሊድ በሚለው ስሟ ነው። ወላጆቿ ይዘዋት ወደ መዲና ሲሄዱ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች።

ኢማሙ ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ቀን ለነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብሶች መጡላቸው። በመካከላቸው ጥለት ያላት አንዲት ትንሽ ጥቁር ልብስ ነበረች። ይህችን ለማን እናልብሳት ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ዝም አሉ። እርሳቸውም ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ አሉ። ሕፃኗን ተሸክመው አመጧት። በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ልብሱን ለብሳ እስክታሳርጀው ዕድሜ እንድታገኝም ዱዓ አደረጉላት። ከዚያም ወደ ጥለቱ እያመለከቱ «ሰናህ» አሏት። ቃሉ ዐረብኛ አይደለም፤ የሐበሻ ቃል ነው። ያማረ፣ መልካም ማለት ሲሆን በግዕዝ «ሠናይ» የምንለው ቃል ዘመዱ ነው።

በሌላ ዘገባ ደግሞ ይህችው ልጅ ከአባቷ ጋር ወደ ነቢዩ ቀርባ ሳለ በጀርባቸው ያለውን የነቢይነት ማኅተም በእጇ መነካካት ጀመረች። አባቷ ተቆጣት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ተዋት አሉት።

እስቲ ቆም ብለን እናስተውል። ሕፃኗ የተወለደችበት አገር ቋንቋ አልተናቀባትም፤ እንዲያውም ደስ እንዲላት በዚያው ቋንቋ ተነገራት። ያላወቀችውን ነገር ለማወቅ የዘረጋችው እጅ አልተመታም። ዛሬ የትምህርት ሊቃውንት የማወቅ ጉጉትና በራስ መተማመን የሚሏቸው ሁለቱም ነገሮች በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ አሉ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ እንዳስብ ያደረገችኝ የ8 ዓመት ልጄ ናት። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን እኛም ከመሐል ከተማ አሮጌ ሰፈር በዕጣ ወጥተን የመጣን ነን። ያደግኩበት ሰፈር መስጊዱ፣ ቁርኣን ቤቱና የሽማግሌዎቹ ጨዋታ ሁሉ በአንድ ቅያስ ውስጥ ነበሩ። በኮንዶሚኒየም ግን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩ ይዘጋል፤ ቀሪው ጊዜ የቴሌቪዥንና የስልክ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ገዛሁላት። አንድ ማታ አንብባ ስትጨርስ «አባዬ፣ እዚህ ውስጥ እንደ እኛ ዓይነት ልጆች ለምን የሉም?» አለችኝ። መጽሐፉን አገላብጬ አየሁት። ሥዕሉ ያማረ፣ ቋንቋው የጠራ ነበር። ነገር ግን ረመዳን የሚጾም ቤተሰብ፣ ሻሽ ያሰረች እናት፣ ፋጡማ ወይም ከድር የሚባል ልጅ አልነበረበትም። መልስ አጣሁ። ጥያቄዋ የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ግን ወደ ኋላ ሄጄ ታሪካችንን ሳስብ ነው።

የሉሑ ዘመን

አባቶቻችን መጽሐፍ የሌላቸው ሰዎች አልነበሩም። በሐረር መጽሐፍ የሚገለብጡና በቆዳ የሚጠርዙ ባለሙያዎች ነበሩ። ሃይማኖታዊ ግዴታዎችን በጥንታዊው ሐረሪ ቋንቋ፣ በዐረብኛ ፊደል የሚያስተምረው «ኪታብ አል-ፈራኢድ» ከዚያች ከተማ የተገኘ ቅርስ ነው። በወሎም ጃማ ንጉሥ፣ ጌታና ዳና ደረሳ ከየአገሩ የሚጎርፍባቸው የዒልም ማእከሎች ነበሩ።

የሕፃኑ የመጀመሪያ መጽሐፍ ግን ሉሑ ነበር። በከሰል ወይም በጥላሸት ቀለም የተጻፈበትን አንቀጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሲይዘው ያጥበዋል፤ ሌላ ይጻፍለታል። ይህ ሥርዓት ቁርኣንን በልባቸው የተሸከሙ ትውልዶችን አፍርቷል፤ ልናቃልለው አይገባም። ሆኖም ልጁ የሚያነበው በማይሰማው ቋንቋ ስለነበር የቃሉን ፍች የሚያገኘው ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ፊቅህና ነህው ቀርቶ፣ ተፍሲር ሲደርስ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ብዙው ሳይደርስ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ የተከራከርን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ኢብኑ ኸልዱን በ14ኛው መቶ ዘመን በጻፈው «ሙቀዲማ» የሙስሊም አገሮች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባቸውን መንገዶች አወዳድሯል። የመግሪብ ሰዎች ልጁን በቁርኣን ብቻ ሲያቆዩት የአንደሉስ ሰዎች ግን ግጥምን፣ ሰዋስውንና የእጅ ጽሕፈትን ከቁርኣኑ ጋር አብረው ያስተምሩ እንደነበር ያወሳል። በዚያው መጽሐፍ በዱላና በማስፈራራት የሚማር ልጅ መንፈሱ እንደሚሰበር፣ ቅጣቱን ለማምለጥም ውሸትን እንደሚለምድ ያስጠነቅቃል። ከ600 ዓመት በፊት የተጻፈ ምክር ነው፤ ግን ዛሬ ጠዋት የተጻፈ ይመስላል።

በሚሰማን ቋንቋ

የአገራችን ዑለማዎችም ችግሩን አይተውታል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ ትእዛዙን ተቃውመው ከተነሡት አንዱ ሼኽ ጦልሃ ጀዕፈር ነበሩ። እኚህ ዐሊም በዐረብኛ መጻፍ ሳይሳናቸው ሕዝቡ በሚናገረው አማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል ግጥሞችን ደረሱ። ኪታብ ያልቀራው ገበሬ፣ እናቲቱም፣ በጉልበቷ ላይ የተቀመጠው ልጅም መንዙማውን ሲሰሙ ዲናቸውን ይማሩ ነበር። ሕዝቡ በተጨነቀበት ዘመን እምነቱ ከልጆች ልብ እንዳይጠፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በሐረርጌ ደግሞ ሼኽ በክሪ ሰጰሎ ተነሡ። ኦሮምኛ የራሱ ድምፆች እንዳሉትና በሌሎች ፊደላት በትክክል እንደማይጻፍ አይተው በ1948 ዓ.ም. ለቋንቋው የሚስማማ ፊደል ቀረጹ፤ ለደረሶቻቸውም አስተማሩ። የጊዜው መንግሥት ፊደሉን ከለከለው። ሼኹም በ1972 ዓ.ም. በሶማሊያ በስደት ላይ ሳሉ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። ልጅ በሚያልምበት ቋንቋ ያንብብ ማለታቸው ወንጀል ተደርጎ ተቆጥሮባቸው ነበር።

ከዚያም በ1961 ዓ.ም. ሐጂ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሼኽ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የደከሙበት የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ታተመ። አማርኛ የሚያነብ ቤተሰብ ለልጁ ትርጉሙን ከፍቶ ማሳየት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

«በኢትዮጵያ የሚኖሩ»

በንጉሡ ዘመን የሙስሊሙ ልጅ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያገኘው የነበረው የአገር ታሪክ ኢትዮጵያን በእስላም ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርጎ የሚያይ ነበር። እርሱ በዚያ ታሪክ ውስጥ ከተነሣ የሚነሣው እንደ ጠላት ወይም እንደ እንግዳ ነው። መጠሪያው እንኳ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚል ነበር። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ ማመንታታቸው ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ታላቅ ሰልፍ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የስም ጥያቄ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንባል የሚል። በሰልፉ ላይ ክርስቲያን ወንድሞቻችንም አብረው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ለውጥ መጣ፤ ዒዶቻችንና መውሊድም የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የሃይማኖት መጻሕፍት በር ተከፈተ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ሲወጣ እንደ ቢላል ያሉ መጽሔቶች ለንባብ በቁ፤ በአንዋር መስጊድ አካባቢ የመጻሕፍት ሱቆች በዙ። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ የታተሙት አብዛኞቹ ሥራዎች ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙና ለአዋቂ የተጻፉ ነበሩ። ሕፃኑ ከአባቱ መደርደሪያ ሥር ቆሞ ቀረ። ግብፆች ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካሚል ኪላኒ ለሕፃናት የጻፋቸው ተረቶች ነበሯቸው፤ እኛ ግን ለልጅ መጻፍ ዕውቀት የማይጠይቅ ቀላል ሥራ መስሎን ዘገየን።

ታዲያ ምን እንምረጥ?

አንደኛ፣ የሚጠይቅ መጽሐፍ እንምረጥ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐባዎቻቸውን በእንቆቅልሽ ያስተምሩ ነበር። ቅጠሏ የማይረግፍ፣ በሙስሊም የምትመሰል ዛፍ ማን ናት ብለው በጠየቁ ጊዜ ወጣቱ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር የተምር ዛፍ መሆኗን በልቡ አውቆ ነበር። ታላላቆቹ ዝም ሲሉ ግን አፍሮ ዝም አለ። በኋላ ለአባቱ ሲነግረው ዑመር (ረ.ዐ.) በታላቆች ፊት ዝም በማለትህ ደግ አደረግህ አላለውም፤ ብትናገር ኖሮ ከብዙ ሀብት ይልቅ ደስ ባለኝ ነበር አለው። መልሱን ብቻ ሰጥቶ የሚዘጋ መጽሐፍ ልጁን ዝም ያሰኘዋል። እስቲ አንተስ ምን ትላለህ የሚለው ግን ያናግረዋል።

ሁለተኛ፣ ልጁ ራሱን የሚያገኝበት ይሁን። የነጃሺን ታሪክ የንጉሥ ስም ብቻ አድርገን አንንገረው። ከሳሾቹ ሙስሊሞቹን አሳልፎ እንዲሰጣቸው ሲጠይቁት ተከሳሾቹን ጠርቶ ሳይሰማ ያልፈረደ ዳኛ እንደነበር እንንገረው። ነቢዩን በሕፃንነታቸው ያሳደገቻቸው ኡሙ አይመን፣ አዛኙ ቢላልና ኡሙ ኻሊድ የእርሱም ታሪክ ናቸው። ይህ ማለት የጎረቤቱን ልጅ ታሪክ አያንብብ ማለት አይደለም። በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ልጆች አንዱ የሌላውን ቢያውቅ ይከባበራሉ።

ሦስተኛ፣ ልጁ በሚገባው ቋንቋና በዕድሜው ልክ ይሁን። በቤት ኦሮምኛ፣ ስልጥኛ ወይም ሐረሪ የሚናገር ልጅ በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ሲገኝ ይገዛለት።

አራተኛ፣ እውነት ይሁን። መልካም ዓላማ ስላለው ብቻ ያልተረጋገጠ ታሪክ ለልጅ አይሰጥም፤ ሲያድግ ሐሰት መሆኑን ካወቀ እውነተኛውንም መጠራጠር ይጀምራል። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት እኛው እናንብበው፤ ያጠራጠረንን ዐሊም እንጠይቅ።

አምስተኛ፣ የዲን መጽሐፍ ብቻ አንግዛ። ስለ ከዋክብት፣ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ሒሳብ የሚያነብ ልጅ የአላህን ፍጥረት እያነበበ ነው። በበድር የተማረኩ ጽሕፈት የሚያውቁ ሙሽሪኮች ለነፃነታቸው የመዲናን ልጆች መጻፍ እንዲያስተምሩ መደረጉን አንርሳ። መምህሩ ሙሽሪክ መሆኑ ፊደሉን አላረከሰውም።

ለልጄ ጥያቄ በዚያ ማታ ያጣሁትን መልስ ቆይቼ በራሴ መንገድ መለስኩላት። አንድ ደብተር ገዛሁና የኡሙ ኻሊድን ታሪክ በአማርኛ ጻፍኩላት፤ ሥዕሉን እርሷ ሣለችው። ልብሱን በጥቁር ቀለም ቀብታ ጥለቱን አረንጓዴ አደረገችው። ጨርሳ ስታሳየኝ «ሰናህ» አልኳት። ሳቀችና ወዲያው «አባዬ፣ ከሐበሻ ስትሄድ ባሕሩን በምን ተሻገረች?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን ደግሞ ስለ መርከብ የሚናገር መጽሐፍ መፈለግ ሊኖርብኝ ነው።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ እኛንም ሲጠይቁን የማንሰለች ወላጆች ያድርገን። አሚን።