ሙታንን በስማቸው ስለ መቅበር

ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ዶዮገና የሚሄድ መንገደኛ ግራ ቀኙን በእንሰት የተከበቡ ቤቶችን እያየ ይጓዛል። ከጎጆዎቹ መካከል ቆርቆሮ የለበሰ አዲስ ቤት ያየን እንደ ሆነ፥ ከዚያ ቤት አንድ ልጅ ደቡብ አፍሪቃ እንደ ሄደ እንገምታለን፤ ግምታችንም እምብዛም አይሳሳትም። ነገር ግን ከሄዱት መካከል የደረሱበት የማይታወቅ አሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ ያሰብነው የነዚህን ነገር ነው፤ ይኸውም ብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ ያለቁ እንደ ሆነ፥ ይህ ሟች ማን ነው ብሎ መለየት የሚያስከትለውን የሕሊና ጥያቄ ነው።

በሰኔ ወር 2004 ዓ.ም. በታንዛንያ በዶዶማ ግዛት በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ከ40 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ከማላዊ ወደ ሞዛምቢክ የገባ መኪና በቴቴ ቢፈተሽ፥ በጫነው ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሬሳና በሕይወት የተረፉ 14 ሰዎች ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ በምዚምባ በጅምላ ከተቀበሩበት ጕድጓድ 25 ሬሳ ወጣ፤ ቆይቶም ቍጥሩ ጨመረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ደግሞ በዛምቢያ ከሉሳካ ከተማ ዳር 27 ሬሳ ተጥሎ ተገኘ። እነዚህ ሁሉ የከምባታና የሐዲያ ልጆች ናቸው ለማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ በዚያ መንገድ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ከዚህ አገር የሚነሡ ስለ ሆነ፥ ወሬው በተሰማ ቍጥር በየቤቱ ስልክ እያየች የምታድር እናት አትታጣም።

የሟችን ማንነት ለማረጋገጥ ኢንተርፖል ዋና ብሎ የሚቀበላቸው መለያዎች ሦስት ናቸው፤ የጣት አሻራ፥ ጥርስና ዲ.ኤን.ኤ.። ፊት አይቶ መለየት ብቻውን አይታመንም። ሞት መልክን ይለውጣል፤ ኀዘንም ዓይንን ያሳስታል። እንግዲህ የሟቾችን ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፉ ሰዎች ደግ የሠሩ ይመስላቸዋል እንጂ፥ የሌላውን ልጅ ለሌላ እናት ሊያስለቅሱ ይችላሉ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፥ የተሳፋሪዎቹ ስም አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ማን ሞተ የሚል አልነበረም፤ ከተገኘው የትኛው የማን ነው የሚል ነበር። ለዚህም ከዘመዶች ናሙና ተወስዶ ወራት ፈጀ። እስከዚያው ግን ቤተ ሰቦች ከስፍራው አፈር ተሰጣቸው፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ባዶ ሣጥን ተለቀሰበት። አፈር መስጠት ሰውን መደለል ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በኛ አስተያየት ግን አፈሩ አፈር መሆኑ ተነግሮ እስከ ተሰጠ ድረስ ሐሰት የለበትም፤ ሐሰት የሚሆነው ያልተለየውን ሬሳ የእገሌ ነው ብሎ ማስረከብ ነው።

በደቡቡ መንገድ ግን የስም ዝርዝር የለም። ከተጓዦቹ ብዙዎች ፓስፖርት አይዙም፤ ስሙን ለውጦ የሚሄድም አለ። ስለዚህ ያለ ዘመድ እርዳታ ምንም አይገኝም። ዘመድ ደግሞ ይፈራል። ደላላው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም የሥጋ ዘመድ ነውና፥ ልጄ ጠፋ ብሎ ማመልከት እርሱን መክሰስ ይመስላል። ገንዘቡንም የከፈለው አባት ራሱ ነው። እንግዲህ ደሙን ለምርመራ ከሚሰጥ አባት የተወሰደው ናሙናም ሆነ ቃል፥ ሟቹን ከመለየት በቀር ለሌላ ክስ እንደማይውል አስቀድሞ ሊነገረውና ቃሉም ሊጠበቅለት ይገባል። ይህ ካልሆነ አንድም አባት አይመጣም፤ ቢቀርም አንፈርድበትም።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የቀይ ሽብር ሟቾች ከጅምላ መቃብር ሲወጡ፥ ከአርጀንቲና የመጡ የአጥንት መርማሪዎች በሥራው ረድተዋል። ከአጥንቱ ከፊሉ ዛሬ በአዲስ አበባ በመታሰቢያው ሙዚየም ለጐብኚ ይታያል፤ ባለቤቱ ያልታወቀ አጥንት ይታይ ዘንድ ማን እንደሚፈቅድ ግን ብዙ አልተጠየቀም።

ሬሳው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ ሚስቲቱ መበለት ናት ወይስ ባለ ባል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፥ ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ መጥፋቱን ያውጅለት ዘንድ ለዳኛ ሊያመለክት እንደሚችል ይፈቅዳል። ልጄን በገዛ አንደበቴ ሞተ ብዬ እንዴት አስፈርዳለሁ የሚል ወላጅ ግን ከዳኛ ፊት አይቀርብም፤ የልጁም ድርሻ መሬት በእንሰቱ መካከል እንደ ተለየ ይቈያል።