የሰማይ መረጃ ለማን? ከላስታ ተራሮች የሚነሳ ጥያቄ

በላሊበላ ዙሪያ የሚገኙት የላስታ ተራሮች ለሥነ ፈለክ ምርምር ተስፋ የተጣለባቸው ናቸው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ በመኾኑም የሰሜኑን ብቻ ሳይኾን የደቡቡን ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ያሳያል። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከእንጦጦው ማዕከል ለሚልቅ ቴሌስኮፕ የሚኾን ቦታ ሲፈልጉ እነዚህን ተራሮች ያጠኑትም ለዚህ ነው።

ቴሌስኮፕ ሲታሰብ ግን ሌላ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። የሚሰበሰበው መረጃ ወዲያውኑ ለኹሉም ይከፈት ወይስ ምልከታውን ላቀደው ተመራማሪ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሰጥ?

በዓለም ላይ ኹለቱም አሠራሮች አሉ። በ2014 ዓ.ም ወደ ህዋ በመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘ ተመራማሪ በመደበኛው አሠራር መረጃውን ለ12 ወራት ብቻውን ይጠቀማል፤ ከዚያ በኋላ ለኹሉም ይከፈታል። የአውሮፓው ጋያ መንኮራኩር የከዋክብት መረጃ በአንጻሩ ለመላው ዓለም በአንድ ቀን ይለቀቃል።

የክፍት መረጃ ደጋፊዎች ቴሌስኮፖች የሚገነቡት በሕዝብ ገንዘብ መኾኑን ያነሳሉ። መረጃው በብዙ ዓይን ሲታይ ስሕተት ቶሎ ይታረማል፤ የራሱ ቴሌስኮፕ የሌለው ተማሪም ይመራመራል።

የብቸኛ ተጠቃሚነት ጊዜ ደጋፊዎች ደግሞ የምልከታ ዕቅድ የወራት ድካም እንደኾነ ያስረዳሉ። መረጃው በዕለቱ ከተከፈተ ብዙ ባለሙያና ኃይለኛ ኮምፒውተር ያለው ተቋም ይቀድማል። ማስተማርን ከምርምር ጋር አጣምሮ የሚሠራ መምህር ወይም በደካማ ኢንተርኔት የሚሠራ የዶክትሬት ተማሪ የዘራውን ሌላው ያጭድበታል።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ኹለት ገጽ አለው። እንጦጦ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች ኹለት ሲኾኑ የእያንዳንዳቸው መስታወት ስፋት 1 ሜትር ነው። ከዚህ አቅም በላይ ለኾነ ጥናት ሀገሪቱ የሌሎችን ክፍት መረጃ ትሻለች። በላስታ የራሷን ትልቅ ቴሌስኮፕ ብትተክል ደግሞ ወጣት ተመራማሪዎቿ በገዛ ሰማያቸው እንዳይቀደሙ መጠበቅ ይኖርባታል።

አስታራቂው መንገድ ጥበቃውን በጊዜ መገደብ ነው፤ ለተማሪ የመመረቂያ ጥናት በቂ ጊዜ መስጠት፣ ጊዜው ሲያበቃ ግን ያለ ልዩነት መክፈት። ደንቡም የመጀመሪያው ምስል ከመነሳቱ በፊት መጻፍ አለበት፤ መረጃው ከተያዘ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለያዘው ያደላልና።