ጣሪያ ላይ የታሰበው ሞተር

ስለ ጃጓር ኤክስኬ ሞተር ሲወራ የሚወራው ሁሌም ፍጥነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ቤልጅየም ውስጥ ጃቤኬ በተባለ ቦታ ኤክስኬ 120 በሰዓት 213 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ከ1951 እስከ 1957 ሞተሩ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አምስት ጊዜ አሸነፈ። ጥሩ፣ ይሁን። እኔን የሚገርመኝ ግን ኪስ ውስጥ የምትገባ አንዲት ቁራጭ ብረት ናት።

ታሪኩ የሚጀምረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነው። ኩባንያው ያኔ ኤስኤስ ካርስ ይባል ነበር (በ1945 ስሙን ለምን እንደቀየረ መገመት አያቅታችሁም)። የጀርመን አውሮፕላኖች ኮቨንትሪን ሲደበድቡ ሠራተኞች እየተፈራረቁ የፋብሪካው ጣሪያ ላይ እሳት ይጠብቁ ነበር። አለቃው ዊልያም ላየንስ ከመሐንዲሶቹ ከሄይንስ፣ ከሃሰንና ከቤይሊ ጋር አንድ ተራ ይዞ፣ ከጦርነቱ በኋላ ስለሚሠሩት ሞተር ሲያወሩ ያነጉ ነበር።

ላየንስ የፈለገው ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር ነው። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ፔዦ በ1912 የውድድር መኪናው ላይ ሠርቶታል። ግን የእሽቅድምድምና የሀብታም ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ካምሻፍት ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው፤ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ይህ ከተዛባ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ዘንጎቹ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ጣጣውም ይብሳል። ኤክስኬ ላይ ቴስታታው ከታሰረ በኋላ፣ ካቴናው ሳይያያዝ አንዱን ዘንግ ብቻውን ብታዞሩት ቫልቮቹ እርስ በርስ ሊጋጩ ይችላሉ። ቫልቭ ተጣመመ ማለት ደግሞ ቴስታታ እንደገና ማውረድ ነው!

ታዲያ እነ ሄይንስ ምን አደረጉ? እያንዳንዱ ካምሻፍት ላይ አንድ ቅርጽ ቆረጡ፤ ለዚያ ቅርጽ ልክ የሆነች መለኪያ ብረት ሠሩ። የፊተኛው ፒስተን ጫፍ እንዲደርስ ይደረጋል (ጃጓር ከኋላ ስለሚቆጥር ቁጥሩ 6 እንጂ 1 አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚሳሳተው)። መጀመሪያ የካቴናው ውጥረት ይስተካከላል፣ ምክንያቱም ኋላ ቢጠብቅ የተለካው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ብረቷ ቅርጹ ውስጥ ስትገባና ቴስታታው ላይ ስትቀመጥ ዘንጉ ቦታውን ያዘ ማለት ነው። የጥርሱና የዘንጉ ብሎን ቀዳዳዎች አልገጥም ቢሉስ? ጥርሱ መሐል ያለችው በደቃቃ ጥርሶች የተከበበች ሳህን ወጥታ፣ ትንሽ ዞራ፣ ቀዳዳው እስኪገጥም ተመልሳ ትገባለች። ያለዚህች ሳህን፣ ቀዳዳ ለማግጠም ሲባል ዘንጉን ከልኩ ማዛነፍ ግድ ይሆን ነበር።

በእኔ አመለካከት የኤክስኬ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። በ1948 ለንደን ላይ ሲታይ ከቀረጥ በፊት 998 ፓውንድ ተባለ፤ ለባለ ሁለት ካምሻፍት መኪና ርካሽ ነበር። ርካሽነቱ ብቻውን ግን ምን ያደርጋል፣ ተራ መካኒክ ፈትቶ መልሶ ካልገጠመው? ሞተሩ እስከ 1992 ድረስ በዳይምለር ሊሞዚን ውስጥ ተሠርቷል። አሮጌ ጃጓር የሚያድሱ ሰዎች ዛሬም ካምሻፍቱን የሚለኩት በዚያችው ዓይነት ብረት ነው።