ካንሰር ለምን እየበዛ መጣ?

“ድሮ ካንሰር የሚባል ነገር የት ነበር?” የሚለው ጥያቄ በለቅሶ ቤትም፣ በሆስፒታል ኮሪደርም፣ በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓትም ዘወትር ይነሳል። መልሱም ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፦ ዘይቱ ነው፣ ማዳበሪያው ነው፣ የታሸገው ምግብ ነው፣ የሞባይሉ ጨረር ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂት እውነት ያለው አለ፤ መሠረት የሌለውም አለ። የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ግን ለወሬ ማድመቂያ ያህል አይደለም። ምክንያቱን ያልለየ ሰው የማይጎዳውን ሲፈራ የሚገድለውን ችላ ይላልና።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በካንሰር መያዛቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት 9.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በ2050 አዳዲስ ታማሚዎች በዓመት ከ35 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ይገመታል። በኢትዮጵያም በ2022 ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ አዳዲስ ታማሚዎችና ከ50 ሺህ በላይ ሞት እንደነበር ኤጀንሲው ገምቷል።

በሽታው ግን አዲስ አይደለም። ከ3,500 ዓመታት በፊት የተጻፉ የግብፅ የሕክምና ጽሑፎች የጡት ዕጢን ይጠቅሳሉ። ካንሰር የሚለው ስያሜም የጥንት ግሪኮች በሽታውን በክራብ መስለው ከሰጡት ስም የመጣ ነው። አዲሱ ነገር ብዛቱ ነው።

ዕድሜ ሲረዝም

የመጀመሪያውና ትልቁ ምክንያት ብዙዎችን ሊያስገርም ይችላል፤ የሰው ልጅ ዕድሜ መርዘሙ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ህዋሳት ያለማቋረጥ ይከፋፈላሉ። በእያንዳንዱ ክፍፍል ወቅት የዘረመሉ ጽሑፍ ሲገለበጥ ስህተት ሊፈጠር ይችላል። አብዛኛውን ሰውነት ራሱ ያርመዋል፤ ያልታረመው ግን በዓመታት ውስጥ ይጠራቀማል። የተወሰኑ ስህተቶች በአንድ ህዋስ ውስጥ ሲገጣጠሙ ህዋሱ ከቁጥጥር ውጭ መራባት ይጀምራል። ካንሰር በአብዛኛው ከ50 ዓመት በኋላ የሚበዛው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው አማካይ የመኖር ዕድሜ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ደርሷል። ቀደም ሲል በወባ፣ በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በወሊድ ይቀጠፍ የነበረው ሰው ዛሬ ካንሰር ሊይዘው የሚችልበት ዕድሜ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ2050 ትንበያም የተሠራው በየዕድሜው በበሽታው የመያዝ ዕድል ዛሬ ባለበት ይቀጥላል በሚል ስሌት ነው። ጭማሪውን ያመጣው የሕዝቡ መብዛትና ማርጀት ብቻ ነው። አኗኗራችን የሚያስከትለው ከዚህ በላይ ሊደመር ይችላል።

የሲጋራ ዕዳ

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የሳንባ ካንሰር ሐኪሞች አልፎ አልፎ ብቻ የሚያዩት በሽታ ነበር። በ1880ዎቹ ሲጋራ የሚጠቀልል ማሽን ሥራ ላይ ሲውል ሲጋራ ረከሰ፣ ማጨስም ተስፋፋ። በሽታው ግን ወዲያው አልመጣም፤ በማጨስና በካንሰሩ መካከል ከ20 እስከ 30 ዓመት ያልፋል። በ1950 እንግሊዛውያኑ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ግንኙነቱን የሚያሳይ ጥናት ሲያወጡ የሳንባ ካንሰር በብሪታንያ ተስፋፍቶ ነበር። በ2022 ደግሞ ከካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነበር፤ 2.5 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ታማሚዎች።

የሲጋራ ታሪክ ተስፋም አለው። በአሜሪካ አጫሾች ሲቀንሱ፣ ምርመራና ሕክምናም ሲሻሻል፣ በዕድሜ ተሰልቶ የሚገኘው የካንሰር ሞት መጠን ከ1991 ወዲህ በአንድ ሦስተኛ ያህል ወርዷል። ካንሰር ዝም ብሎ የሚጨምር ዕጣ ፈንታ አይደለም ማለት ነው።

ምግብ፣ ክብደትና መጠጥ

ከጃፓን ወደ ሃዋይና ካሊፎርኒያ በፈለሱ ቤተሰቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ቁም ነገር አስተምረዋል። በጃፓን ይበዛ የነበረው የጨጓራ ካንሰር በልጆቻቸው ላይ ሲቀንስ፣ በአሜሪካ የሚበዙት የጡትና የትልቁ አንጀት ካንሰሮች ጨመሩ። ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አኗኗራቸው ነው።

ዛሬ ተመሳሳይ ለውጥ ከገጠር ወደ ከተማ በሚደረገው ጉዞ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መሥራት፣ በመኪና መሄድ፣ ስኳርና ቅባት የበዛበት ምግብ ክብደት ይጨምራሉ። ከልክ ያለፈ ውፍረት ቢያንስ ከ13 ዓይነት ካንሰሮች ጋር እንደሚያያዝ ኤጀንሲው በ2016 አስታውቋል። እንደ ቋሊማ ያለ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋም በ2015 ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። አልኮል ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ በዚሁ ምድብ ውስጥ የገባ ቢሆንም፣ ቢራና ካንሰርን አያይዞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

በተለይ አሳሳቢ የሆነው የወጣቶቹ ነገር ነው። በ2017 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ በ1990 አካባቢ የተወለዱ ሰዎች በ1950 አካባቢ ከተወለዱት ጋር በእኩል ዕድሜ ሲነጻጸሩ በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ፣ በፊንጢጣ ካንሰር ደግሞ አራት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ይህን በዕድሜ መርዘም ማስረዳት አይቻልም።

የጡት ካንሰርም የራሱ ምክንያቶች አሉት። ቶሎ የወር አበባ ማየት፣ ዘግይቶ መውለድ፣ ጥቂት ልጆች መውለድና ጡት ለአጭር ጊዜ ማጥባት ሴቷ ለሆርሞን የምትጋለጥበትን ዘመን ያረዝማሉ። ከ30 ሀገሮች የተሰበሰበና በ2002 የታተመ ትንተና፣ አንዲት እናት በጠቅላላው ባጠባችበት በየ12 ወሩ የጡት ካንሰር ስጋት በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህ ሴቶች ተምረው ሥራ መያዛቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ የወሊድ ፈቃድና በሥራ ቦታ የማጥቢያ ሁኔታ የጤና ጉዳይም መሆኑን ለማሳየት ነው።

ምርመራ የሚያበዛው ቁጥር

ሁሉም ጭማሪ እውነተኛ ጭማሪ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ከ1999 በኋላ የካንሰር ምርመራ ሲስፋፋ የአንገት ዕጢ (ታይሮይድ) በአልትራሳውንድ በሰፊው ይታይ ጀመር። በ2011 በዚህ ካንሰር ተያዙ የተባሉት መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ደረሰ፤ የሟቾቹ ቁጥር ግን ፈቀቅ አላለም። የተገኙት አብዛኞቹ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን የማይጎዱ ትናንሽ ዕጢዎች ነበሩ።

በኢትዮጵያ ደግሞ በአዲስ አበባ ሕዝብን መሠረት ያደረገ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በ2011 ነው። ከዚያ በፊት “በሆድ ሕመም ሞተ” ተብሎ ከተቀበረው መካከል ስንቱ የካንሰር ታማሚ እንደነበር የመዘገበ የለም።

ስለ ሞባይልስ? የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቶ በ2024 የታተመ ሰፊ ግምገማ በሞባይል መጠቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

“የሀብታም በሽታ” ነውን?

አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው በሰው ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ የጉበት ካንሰር ዋና ምክንያቶች መካከል ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይገኛሉ። በደንብ ሳይደርቅ በተከማቸ እህልና ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲንም ጉበትን ያጠቃል። በአርሲና በባሌ ሐኪሞች በተደጋጋሚ የዘገቡት የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰርም የሚያጠቃው በአብዛኛው የገጠር ነዋሪዎችን ነው። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ ሀገሮች የድህነቱ ካንሰር ሳይለቃቸው የከተሜው ካንሰር ተደርቦባቸዋል።

ልዩነቱ በሞት ላይ ጎልቶ ይታያል። በዓለም ደረጃ የዓመቱ ሟቾች ከዓመቱ አዳዲስ ታማሚዎች ግማሽ አይሞሉም፤ በኢትዮጵያ ግን ከ60 በመቶ በላይ ናቸው። ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምናም ለብዙ ዓመታት በመላ ሀገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጅማን የመሰሉ የክልል ከተሞች የጀመሩት በቅርብ ዓመታት ነው።

ምን ይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከካንሰሮች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑትን መከላከል ይቻላል። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት፣ የማህፀን በር ካንሰር ክትባትን ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለልጃገረዶች ትሰጣለች፤ በ2019 የወጣው አዋጅም ሕዝብ በሚጠቀምባቸው ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። ክትባቱ ልጆቻችን ዘንድ መድረሱን፣ አዋጁም በየመዝናኛ ቤቱ መከበሩን መጠየቅ የሁላችንም ድርሻ ነው።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ማድረግ ይገባታል። በጡት ላይ የወጣ እብጠት፣ ከሰገራ ጋር የሚታይ ደም፣ ያልተለመደ የማህፀን መድማት፣ የማይድን ቁስል፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ሲያጋጥም “ያልፋል” ብሎ መጠበቅ አይገባም። ጠበል የሚጠመቅም ሆነ ባህላዊ መድኃኒት የሚሞክር ሰው ምርመራውን በዚያ ምክንያት ማዘግየት የለበትም። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ምልክቶች ካንሰር ሆነው አይገኙም፤ ሆነው ከተገኙም በጊዜ በመጣና ዘግይቶ በመጣ ታማሚ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የመዳንና የመሞት ልዩነት ነው።