የኤዲንበርግ ቤተ መዘክሮችና ወደ አገራቸው የተመለሱ ቅርሶች

የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ስለ ሩቅ አገር ከተማ ለመጻፍ መምረጤ ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን የእስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤዲንበርግ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚያገናኛት ጉዳይ ስላለ፣ ጽሑፌን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከተማይቱን በእግሬ አልረገጥኋትም፤ የማውቃት በመጽሐፍና በካርታ ነው። ስለዚህ ዛሬ እኔም እናንተም አብረን በሐሳብ እንጐበኛታለን። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ፣ ዓ.ም. ብዬ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጉብኝታችን የሚጀምረው በዐለት ላይ ከቆመው ግንብ ነው። ዐለቱ በጥንት ዘመን ከጠፋ እሳተ ገሞራ የቀረ ሲሆን፣ በሦስት ወገን ገደል ስለ ሆነ እንደ አገራችን አምባዎች ለመከላከያ የተመቸ ነው። በዚህም ምክንያት እስኮትላንዶችና እንግሊዞች ብዙ ጊዜ ተዋግተውበታል። በ1314 እስኮትላንዶች ግንቡን ከእንግሊዞች እጅ ካስለቀቁ በኋላ፣ ጠላት ዳግመኛ እንዳይመሸግበት ብለው አፈረሱት፤ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራችውን የቅድስት ማርጋሬትን ትንሽ ቤተ ጸሎት ግን አልነኳትም። ይህች ቤተ ጸሎት ዛሬ በከተማይቱ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ ትበልጣለች፤ መብለጧም በዕድሜ ነው እንጂ በግዝፈት አይደለም።

በግንቡ ውስጥ ከሚታዩት ቅርሶች ዋነኞቹ የእስኮትላንድ ነገሥታት ዘውድ፣ በትረ መንግሥትና ሰይፍ ናቸው። በ1652 የክሮምዌል ሠራዊት እነዚህ ቅርሶች የተቀመጡበትን ዱኖታር የተባለውን የባሕር ዳር ምሽግ በከበበ ጊዜ፣ ቅርሶቹ በስውር ወጥተው በኪኔፍ መንደር ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ተቀበሩ። የደብሩ ቄስ ጄምስ ግሬንጀርና ባለቤቱ ክርስቲያን ፍሌቸር እስከ 1660 ድረስ ምስጢሩን ጠበቁ። ይህን ሳነብ አባቶቻችን በጦርነት ዘመን ንዋየ ቅድሳትን በዋሻ እየሸሸጉ ማትረፋቸው ትዝ አለኝ። በኋላም በ1707 እስኮትላንድና እንግሊዝ አንድ መንግሥት በሆኑ ጊዜ፣ ቅርሶቹ በሣጥን ተቈልፈው ከአንድ ክፍል ገቡ፤ ሕዝቡም «ወደ ሎንዶን ተወስደው ይሆን?» ብሎ ሲጠራጠር ኖረ። በ1818 ደራሲው ዋልተር ስኮትና ባልንጀሮቹ ከመንግሥት ፈቃድ አግኝተው ሣጥኑን ባስከፈቱ ጊዜ፣ ቅርሶቹ ከ111 ዓመት በኋላ በደኅና ተገኙ።

በዚያው ግንብ ሞንስ ሜግ የተባለ ታላቅ መድፍ አለ። በ1449 የተሠራው ይህ መድፍ 6 ቶን ያህል ይመዝናል፤ 150 ኪሎ ያህል የሚከብድ የድንጋይ ጥይትም ይተኩስ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል ያስታውሰናል። በ1754 ወደ ሎንዶን ተወስዶ ሳለ እስኮትላንዶች ስላልረሱት፣ በ1829 ወደ ግንቡ ተመለሰላቸው።

ከዚህም የሚበልጥ ታሪክ ያለው የነገሥታቱ የዘውድ መጫኛ ድንጋይ ነው። ይህን ድንጋይ የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1296 ስኮን ከሚባለው ስፍራ ማርኮ ወደ ሎንዶን ወሰደው። በ1950 በገና ዕለት ንጋት ላይ አራት የእስኮትላንድ ተማሪዎች ከዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ገብተው ድንጋዩን ይዘው ሄዱ፤ ሲያወጡትም ለሁለት ተሰበረባቸው። ጓደኞቼ ይህን ለአርአያነት እንዳይወስዱብኝ አደራ እላለሁ። ድንጋዩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተገኝቶ ወደ ሎንዶን ቢመለስም ጥያቄው አልቀረም። በመጨረሻም በ1996፣ ከተማረከ ከ700 ዓመት በኋላ፣ በሕግና በክብር ወደ እስኮትላንድ ተመለሰ። እስከ 2024 ድረስ በኤዲንበርግ ግንብ ከቈየ በኋላ፣ ለስኮን ቅርብ ወደ ሆነችው ወደ ፐርዝ ከተማ ቤተ መዘክር ተዛወረ።

ከግንቡ ወጥተን ወደ ምሥራቅ ቍልቍል የሚወርደውን አሮጌ መንገድ ብንከተል፣ ንግሥት ሜሪ የኖረችበትን የሆሊሩድን ቤተ መንግሥት እናገኛለን። በ1566 ጸሐፊዋ ዳቪድ ሪትሲዮ የተገደለው በዚህ ቤት ነው። ከመንገዱ ወደ ደቡብ ጥቂት ብናልፍ ደግሞ በቻምበርስ ጎዳና ወዳለው ወደ ብሔራዊ ቤተ መዘክር እንደርሳለን። አሮጌው ሕንፃ የተከፈተው በ1866 ሲሆን፣ አዲሱ ክፍል በ1998 ተጨምሮለታል፤ መግቢያውም ያለ ክፍያ ስለ ሆነ ደኻውም ሀብታሙም እኩል ይጐበኘዋል። በዚያ ከአዋቂ በግ ሕዋስ ተወስዳ በ1996 የተወለደችው ዶሊ የምትባለው በግ ቆዳዋ ተሞልቶ ቆማለች። ከባሕር እንስሳ ጥርስ የተቀረጹ የ12ኛው መቶ ዓመት የሰንጠረዥ ጠጠሮችም አሉ። በ1831 በሉዊስ ደሴት ከታወቁት 93 ቅርጾች 11ዱ በኤዲንበርግ፣ 82ቱ በሎንዶን ይገኛሉ። ለአንድ ጨዋታ የተሠሩ ጠጠሮች በሁለት ከተማ ተለያይተው መቀመጣቸው የሚያሳዝናቸው እስኮትላንዶች ብዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ይኸው ቤተ መዘክር ራሱ የሌላውን ሕዝብ ቅርስ ይዞ ነበር። በካናዳ የሚኖሩት የኒስጋ ሕዝቦች ለአባቶቻቸው መታሰቢያ ያቆሙት 11 ሜትር የሚሆን የተቀረጸ ምሰሶ በ1929 ከስፍራው ተወስዶ ወደ ኤዲንበርግ መጥቶ ነበር። ባለቤቶቹ ባቀረቡት ጥያቄ በ2023 ወደ አገራቸው ተመለሰ።

አሁን ከአገራችን ጋር ወደሚገናኘው ጉዳይ ደርሰናል። ከግንቡ ዐለት በስተ ምዕራብ፣ በፕሪንስስ ጎዳና ጫፍ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ እንደ ወረደ ይነገራል። ከተዘረፉትም መካከል በአንድ መኰንን እጅ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን የደረሰ አንድ ታቦት ነበር። ታቦት በእኛ ዘንድ ከካህናት በቀር ማንም የማያየው ሲሆን፣ በዚያ ግን ምንነቱ ተረስቶ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። በ2001 የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አግኝተው ምን እንደ ሆነ ባወቁ ጊዜ፣ ከምእመናኑ ጋር ሆነው ለባለቤቱ እንዲመለስ ወሰኑ። በ1994 ዓ.ም. ታቦቱ አዲስ አበባ ሲገባ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በእልልታና በዝማሬ ተቀበለው። ከ130 ዓመት በላይ ተለይቶ የኖረው እንዲህ አድርጎ ተመለሰ።

እንግዲህ ቤተ መዘክር መጐብኘት ማለት ዕቃ አይቶ መደነቅ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ቆመን «እንዴት ወደዚህ መጣ? የሚናፍቀውስ ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። እስኮትላንዶች ድንጋያቸውን 700 ዓመት ናፍቀዋልና የሌላውን ናፍቆት ለመረዳት የቀረቡ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ላሳስብ። ትምህርት ቤታችን ታሪክ እያለው የታሪክ ክፍል የለውም። የመጀመሪያው የስም መዝገብ፣ አሮጌው ደወልና የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶግራፎች በአንዲት ክፍል ቢሰበሰቡ፣ ለሚመጡት ተማሪዎች መልካም ውርስ ይሆናል። ደግሞም ከቤተ መጻሕፍታችን ተውሶ ያልመለሰ፣ አባትም ሆነ ልጅ፣ ዛሬ ቢመልስ አይፈር። ከ130 ዓመት በኋላ የመለሱትን ሰዎች ስናመሰግን፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመልሰውን ማን ይወቅሰዋል?