የሥራና የሙያ ስሞች በእንግሊዝኛ ትምህርት፤ ታሪካዊ ዳሰሳ

ለጀማሪዎች በሚዘጋጁ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሥራና የሙያ ስሞች ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በአንዱ ይገኛሉ። ገበሬውን፣ ነጋዴውን፣ ወታደሩንና ሐኪሙን በሥዕል አስደግፎ መደርደር የቆየ ልማድ ነው። ስሞቹ ለማስተማር ቀላል መስለው ቢታዩም፣ ተማሪው ከቤቱና ከሰፈሩ ይዟቸው ከሚመጣው የሙያ መጠሪያዎች ጋር ሲገናኙ የሚያስከትሉት ችግር ግን ቀላል አይደለም።

የሙያ ስምን በሥዕል የማስተማር ዘዴ በይበልጥ የሚያያዘው ከሞራቪያው ተወላጅ ከኮሜኒየስ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1658 ኑረምበርግ ላይ የታተመው ሥዕላዊ መጽሐፉ በላቲንና በጀርመንኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ከ150 ያህሉ ሥዕሎች ብዙዎቹ ሙያተኞችን በሥራ ላይ እንዳሉ ያሳያሉ። ኮሜኒየስ ልብስ ሰፊውን ብቻውን አቁሞ ስሙን ከሥሩ አልጻፈም፤ መቀሱን፣ መርፌውንና ክሩን በቁጥር ለይቶ እያንዳንዱን ቁጥር በዓረፍተ ነገር ውስጥ ካለው ቃል ጋር አገናኝቷል። ስለዚህ ተማሪው ስሙን የሚያገኘው ከሥራው ጋር ነው። በኋላ የመጡ ብዙ መጻሕፍት ሥዕሉን ወርሰው ዓረፍተ ነገሩን መተዋቸው የሚያሳዝን ነው።

በአገራችን እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶች ዋናውን ስፍራ የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ ያመዝን ነበር። ከጣሊያን ጋር የነበረው ግንኙነትና የአምስቱ ዓመት ወረራም በጋራዡና በግንባታው ሥፍራ የራሱን ቃላት ትቶ አልፏል። እንግሊዝኛ ወደ ክፍል ሲገባ እንግዲህ ብዙዎቹ አዳዲስ ሙያዎች ቀድመው ስም አግኝተው ነበር። ሾፌር ከፈረንሳይኛ፣ ጎሚስታ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሾፌር የሚለው ቃል በእንግሊዝኛም አለ፤ ነገር ግን በዚያ ቋንቋ የሚሰየምበት የሰው መኪና ለመንዳት የተቀጠረ ነጂ በመሆኑ፣ የአውቶቡስ ነጂን በዚህ ስም የሚጽፍ ተማሪ ይሳሳታል። ለጎሚስታ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተለመደ የአንድ ቃል አቻ ስለሌለ ሥራውን ገልጦ መናገር ያስፈልጋል። ከእንግሊዝኛ የተወሰደው ድሬሰር እንኳ በእኛ ዘንድ የጤና ሠራተኛ መጠሪያ ሆኖ ለብዙ ዘመን ሲያገለግል፣ በዛሬው እንግሊዝኛ የሚታወቀው ይበልጡን በሌሎች ትርጉሞቹ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የነባሮቹ ሙያዎች ጉዳይ ነው። ብላክስሚዝ የሚለውን ቃል መምህሩ በአማርኛ ሲፈታው ጠይብ ሊለው ይችላል፤ ቀጥቃጭ ሊለው ይችላል፤ ብረት ሠሪም ሊለው ይችላል። ሦስቱ ቃላት የሚያመለክቱት ሰው አንድ ቢሆንም የሚሰጡት ክብር አንድ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያስረዳል። አዋጁ ቢነገርም ስድቡ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። የሸክላ ሠሪዋ ወይም የፋቂው ልጅ ከጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ የወላጁ ሙያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በስድብ ስም ሲተረጎም ቢያይ፣ ከዚያ ትምህርት የሚቀርለት የእንግሊዝኛው ቃል አይሆንም። በአንጻሩ ስሚዝ በእንግሊዝ አገር እጅግ የበዛ የቤተሰብ ስም ነው፤ የብረት ሠሪው ሙያ የልጅ ልጆቹ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ለተማሪዎች መንገር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

የትኞቹ ቃላት ይመረጡ የሚለውን ጥያቄ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በማይክል ዌስት አዘጋጅነት የወጣው 2,000 ያህል ቃላት የያዘ ዝርዝር በመጻሕፍት ዝግጅት ላይ ብዙ ተጽዕኖ አድርጓል። ምርጫው በአመዛኙ የተመሠረተው ቃላቱ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ በሚደጋገሙበት መጠን ላይ ነው፤ ዌስት ራሱም ድግግሞሽ ብቻውን እንደማይበቃ አልካደም። የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ስም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ መቁጠሩ ግን በገበያ ቀን ለሚያያቸው ተማሪ የሚረዳው ነገር ጥቂት ነው።

የሰዋስዉን ነገር በአጭሩ ለማንሣት፣ አማርኛ ከጻፈ ጸሐፊን፣ ከግንብ ግንበኛን እንደሚያወጣ ሁሉ እንግሊዝኛም ከቲች ቲቸርን ያወጣል። ተማሪው በዚሁ መንገድ ሄዶ ከኩክ ኩከርን ሲያወጣ ግን ወጥ ቤቱን ምድጃ አደረገው ማለት ነው። ስሕተቱ ደንቡን መረዳቱን ስለሚያሳይ መምህሩ ሊቆጣበት አይገባም። ከሙያው ስም በፊት የምትገባው ኤ የምትባለው አነስተኛ ቃል በአማርኛ አቻ ስለሌላት የበለጠ ልምምድ ትጠይቃለች።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲጀመር ከወሰነ ወዲህ የፍቺው ጥያቄ በብዙ ቋንቋዎች የሚነሣ ሆኗል። ብረት ሠሪውን ኦሮምኛ ቱምቱ ይለዋል፤ ይህም ስም ከሙያው ሌላ የዘር ሐረግን የሚያመለክትበት ጊዜ አለ። በመሆኑም በማዕከል የሚዘጋጅ የአማርኛ ፍቺ ለሁሉም ክፍል ሊያገለግል አይችልም፤ ወናፉን፣ መዶሻውንና የሚሠራውን ማረሻ የሚያሳይ ሥዕል ግን በየትኛውም ክፍል ይነበባል።