የመስኮት መዝጊያና የእንጨቱ ነገር

በምዕራብ ሸዋ የጀልዱዋ ከተማ ጎጆ በስሟ የምታስታውሰው ክብ የሣር ቤት በተለምዶ መስኮት አልነበረውም፤ ብርሃን በበሩ ይገባል፣ ጢስ በክዳኑ ይወጣል። መዝጊያ ሲባልም የበሩ ብቻ ነበር።

ባለመስኮት ቤት የተስፋፋው ከአዲስ አበባ መቆርቆር ወዲህ ነው። የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ለመኳንንቱና ለነጋዴው በሠሯቸው ቤቶች ሰገነትና የጣውላ መዝጊያ ታየ። ይሁን እንጂ የማገዶና የግንባታ እንጨት እያጠረ በመሄዱ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን በአምቦ መንገድ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ሐሳቡ ቀርቶ ቤተ መንግሥቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባን በአመዛኙ ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው።

የመዝጊያው ችግርም ከዚሁ ዛፍ ጋር መጣ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ሳይደርቅ ከተገጠመ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ራሱ በበጋ በጭቃ ቤቱ ላይ አጥብቆ የገጠመው መዝጊያ ክረምት ሲገባ ያብጥና አልዘጋ ይላል። ልባም አናጢ ጣውላውን በጥላ ያደርቃል፤ የመስኮቱን ክፈፍ ከማዕዘን ማዕዘን አግድም በገመድ ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ሳይሆኑ ማጠፊያ አይመታም። ለክረምቱም እብጠት ጥቂት ክፍተት ይተዋል። ቀጫጭን ጣውላ ተጋድሞ የሚሠራው፣ ዝናብ መልሶ አየር የሚያሳልፈው መዝጊያማ ከሁሉ የደረቀ እንጨት ይሻል።

በየከተማው የላሜራ መስኮት የተወደደው አንድም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ላሜራ አይጣመምም፤ የደጋውን ብርድ ግን እንደ እንጨት አይመልስም።